ከኒው ዮርክ ፓሪስ በ33 ሰዓት ተኩል፦ ቻርልስ ሊንድበርግና የሰማዩ ርቀት

እ.ኤ.አ. በ1927 መጀመሪያ ላይ ሁለት ወጣቶች በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደሚገኘው የሳን ዲዬጎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጎራ አሉ። ጉዳያቸው መጽሐፍ አልነበረም። የምድርን ሉል ፈልገው አገኙ፤ ክር ወስደው አንዱን ጫፍ በኒው ዮርክ፣ ሌላውን በፓሪስ ላይ አድርገው ወጠሩትና ርዝመቱን ለኩ። በሉሉ መለኪያ ሲያሰሉት 3,600 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 5,800 ያህል ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ዶናልድ ሆል የተባለ የአውሮፕላን ንድፍ ባለሙያ ነበር። ሌላው ገና 25 ዓመት የሞላው፣ ቀጭንና ረዥም፣ በሙያው የፖስታ አውሮፕላን አብራሪ የነበረው ቻርልስ ሊንድበርግ ነው።

ያች በክር የተለካች ቁጥር ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ወሰነች። አውሮፕላኑ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጭን፣ ክንፉ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ሞተሩ ስንት ሰዓት ሳያርፍ መዞር እንዳለበት፣ አብራሪው ስንት ሌሊት ሳይተኛ መቆየት እንዳለበት የተሰላው ከእርሷ ተነሥቶ ነው።

ዛሬ በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ ለማወቅ የእጅ ስልክ መነካካት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ በመኪና ለሚጓዝ ሰው ግን ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አየር መንገዱ ተራራና ሸለቆ አያውቅምና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሊንድበርግ ሊያቋርጥ ያሰበው ከዚህ ወደ አሥራ ሰባት እጥፍ የሚረዝም ርቀት ነው፤ የሚበዛው መንገድ ደግሞ ማረፊያ የሌለው ባሕር ነበር።

ቻርልስ ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1902 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በሚኒሶታ ግዛት ሊትል ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በሚገኝ የእርሻ ቦታ ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ከስዊድን የመጣ የሕግ ባለሙያ ሲሆን ለአሥር ዓመታት ያህል በአሜሪካ ምክር ቤት የሕዝብ ተወካይ ሆኖ አገልግሏል። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት እንዳትገባ አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነበር፤ ይህም አቋሙ ብዙ ወዳጅ አሳጥቶታል። ልጁ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌላ ጦርነት ዋዜማ ተመሳሳይ መንገድ ሲይዝ እናየዋለን። እናቱ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች።

ጦርነቱ ሲመጣ የአሜሪካ መንግሥት የእህልና የወተት ምርት እንዲጨምር ፈለገ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በእርሻ ላይ ከሠሩ ሥራቸው እንደ ትምህርት እንዲቆጠርላቸው ተፈቀደ። ወጣቱ ሊንድበርግ ይህን ዕድል ተጠቅሞ የመጨረሻውን የትምህርት ጊዜ በእርሻ ላይ አሳለፈ፤ ከዚያም እስከ 1920 ድረስ የቤተሰቡን እርሻ ራሱ አስተዳደረ። ከብት አረባ፣ በትራክተር አረሰ፤ ለአካባቢው ገበሬዎችም የወተት ማለቢያ ማሽን እየሸጠ በየበረታቸው ይተክል ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይህን ዘመን በጥቂት መስመር ያልፉታል። ከብት ያረባ ሰው ግን በቀላሉ የሚያልፈው አይመስለኝም። የምትታለብ ላም ሰዓቷን ጠብቃ ትጠራለች፤ ዝናብም ሆነ ብርድ፣ ሕመምም ሆነ እንቅልፍ ምክንያት አይሆንላትም። ማሽን የሚገጥም ሰው ደግሞ አንድ ብሎን ከላላ ምን እንደሚከተል በእጁ ያውቃል። በኋላ በውቅያኖሱ ላይ ያተረፉት ሁለቱም ልማዶች ናቸው።

በ1920 ምሕንድስና ለማጥናት ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ትምህርቱ ግን አልያዘውም። በ1922 ጥሎ ወጥቶ በነብራስካ ግዛት ወደሚገኝ የበረራ ትምህርት ቤት ሄደ። በዚያ ዘመን አብራሪነት የተከበረ ሙያ አልነበረም። አብራሪዎች ከጦርነቱ የተረፉ ያረጁ አውሮፕላኖችን በርካሽ ገዝተው ከገጠር ወደ ገጠር እየዞሩ፣ በግጦሽ መሬት ላይ እያረፉ፣ ለገበያተኛው ትርኢት እያሳዩ ይኖሩ ነበር። ሊንድበርግም በአውሮፕላን ክንፍ ላይ እየተራመደና በፓራሹት እየዘለለ ኖሯል። በ1923 የራሱን አውሮፕላን በ500 ዶላር ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ጦር ኃይሉ የበረራ ትምህርት ቤት ገባ፤ አብረውት ከጀመሩት 104 ሠልጣኞች የጨረሱት 18 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንደኛ የወጣው እርሱ ነበር።

ከ1926 ሚያዝያ ጀምሮ ከሴንት ሉዊስ ቺካጎ ፖስታ ማመላለስ ያዘ። መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከል ሁለት ከተሞች ላይ ያርፋሉ። ርቀቱ አጭር ቢመስልም ሥራው ሌሊትና ክረምት አይልም ነበር፤ የአየር ጠባይ ትንበያው ደካማ፣ የማረፊያው መብራትም እጅግ ጥቂት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጉምና ጨለማ ማረፊያ ነሥቶት ነዳጁ ሲያልቅ በፓራሹት ዘሎ ወጥቷል። ከዚህ ቀደም የዘለላቸው ሁለት ሲጨመሩ ሕይወቱን በፓራሹት ያተረፈባቸው ጊዜያት አራት ይሆናሉ። በዚሁ የፖስታ በረራ ላይ ሳለ ነው፣ በ1926 መጸው፣ ስለ ፓሪስ ማሰብ የጀመረው።

ሐሳቡ የእርሱ ፈጠራ አልነበረም። ከፈረንሳይ ፒሬኔ ተራሮች በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በኒው ዮርክ የሆቴል ባለቤት ለመሆን የበቃው ሬይሞንድ ኦርቴግ፣ በኒው ዮርክና በፓሪስ መካከል ሳያርፍ ለሚበር የመጀመሪያ ሰው 25,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ካስነገረ ከ1919 ጀምሮ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። ገንዘቡን የወሰደ የለም፤ ሕይወታቸውን የሰጡ ግን መጡ። በመስከረም 1926 የፈረንሳዩ የጦር ጀግና ሬኔ ፎንክ ከሚገባው በላይ የተጫነ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ሲያስነሣ መንደርደሪያው አልቆበት ወድቆ ተቃጠለ፤ ከአራቱ መንገደኞች ሁለቱ ሞቱ። በሚያዝያ 1927 ኖኤል ዴቪስና ስታንተን ዉስተር የተባሉ አሜሪካውያን በሙከራ በረራ ላይ ሞቱ። በግንቦት 8 ደግሞ ሻርል ኑንዤሴርና ፍራንስዋ ኮሊ ከፓሪስ ተነሥተው ወደ ምዕራብ በረሩ፤ ከአየርላንድ ጠረፍ ካለፉ በኋላ የት እንደገቡ ሳይታወቅ ቀረ። ስድስት ሰዎች ማለት ነው። ሊንድበርግ የሰባተኛውን ቦታ ሊይዝ ይችል እንደነበረ የማያውቅ አልነበረም።

የፎንክን አደጋ ሲያጠና አንድ ነገር ጎልቶ ታየው፦ ክብደት። ብዙ ሞተር፣ ብዙ ሰው፣ ብዙ ዕቃ። በዚያ ዘመን ብዙ ሞተር ያለው አውሮፕላን አስተማማኝ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ሊንድበርግ ግን ስሌቱን ገለበጠው። ሦስት ሞተር ካለ የመበላሸት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ነው፤ በነዳጅ የተጫነ አውሮፕላን ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ከጠፋበት በሁለቱ ሊቀጥል አይችልም። ስለዚህ አንድ ሞተር፣ አንድ ክንፍ፣ አንድ ሰው። ረዳት አብራሪ የሚይዘው ክብደት በነዳጅ ቢተካ ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይበቃል።

በሴንት ሉዊስ የሚገኙ ነጋዴዎች 15,000 ዶላር አዋጡለት። አንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ አውሮፕላን ሊሸጥለት ከተስማማ በኋላ አብራሪውን የምመርጠው እኔ ነኝ ቢለው ጥሎ ወጣ። በመጨረሻ በሳን ዲዬጎ የሚገኘው ራያን የተባለ ትንሽ ፋብሪካ ሞተሩን ጨምሮ በ10,580 ዶላር ሊሠራለት ተዋዋለ። ሠራተኞቹ ሌሊትና ቀን ሠርተው በሁለት ወር አደረሱት። ስሙም ስፒሪት ኦፍ ሴንት ሉዊስ፣ የሴንት ሉዊስ መንፈስ ተባለ።

ከዚህ አውሮፕላን ይልቅ በራሪ የነዳጅ ጋን ነው ቢባል ይቀላል። 1,700 ሊትር ነዳጅ ይይዛል። ሲነሣ ከነበረው 2,330 ኪሎ ግራም ጠቅላላ ክብደት ከግማሽ በላዩ ነዳጅ ነበር። ትልቁ ታንክ ከአብራሪው ፊት ስለተቀመጠ ወደ ፊት የሚያይበት መስኮት አልነበረውም፤ የሚያየው በጎን መስኮቶችና በመስታወት በተሠራ ትንሽ መመልከቻ ነው። ሊንድበርግ ራዲዮ አልፈልግም አለ፤ ከብዷልና። አራት ጊዜ ያዳነውን ፓራሹትም አልያዘም። ከካርታዎቹ የማይፈልገውን ጠርዝ ቆርጦ ጣለ። ወንበሩ ከቀንድ በቀለለ ስንደዶ መሰል ሸምበቆ የተጠለፈ ነበር። እያንዳንዱ ኪሎ ወደ ነዳጅ፣ ነዳጁም ወደ ርቀት ይመነዘር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ርቀቱ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለና። በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጠፍጣፋ ካርታ ከኒው ዮርክ እስከ ፓሪስ በማስመሪያ ቢሰመር አጭሩ መንገድ የተሰመረው ይመስላል። አይደለም። ምድር ክብ ናትና አጭሩ መንገድ በሉሉ ላይ የተወጠረው ክር የሚያልፍበት ነው፤ ያም ወደ ሰሜን ተለጥጦ በኖቫ ስኮሺያና በኒውፋውንድላንድ በኩል ይዞራል። ይህን በብርቱካንና በክር ማንም በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። በጠፍጣፋው ካርታ መስመር የበረረ ሰው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል። ባለሙያዎች የክሩን መንገድ ታላቁ ክብ ይሉታል። ችግሩ በዚህ መንገድ ላይ የኮምፓሱ አቅጣጫ ሁልጊዜ መለዋወጡ ነው። ሊንድበርግ የባሕር ኃይል ሰው አልነበረም፤ መርከበኞች የሚጠቀሙበትን ካርታ ገዝቶ ራሱን አስተማረ። መንገዱን በየ100 ማይሉ ከፋፈለና ለእያንዳንዱ ክፍል የኮምፓሱን አቅጣጫ አስልቶ ጻፈ። አንድ ክፍል ማለት የአንድ ሰዓት በረራ ያህል ነው። በመነሻው ላይ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ቢፈጠርና ሳይታረም ቢቀር መድረሻው ላይ 100 ኪሎ ሜትር ያስታል።

ግንቦት 10 ቀን ከሳን ዲዬጎ ተነሣ። ሴንት ሉዊስ ለመድረስ 14 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ከዚያ ኒው ዮርክ ለመድረስ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በዚህ ፍጥነት ያቋረጠ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። በኒው ዮርክ ግን ከአንድ ሳምንት በላይ ቆመ። ዝናብና ጉም መንገዱን ዘግተውት ነበር፤ ሌሎች ተወዳዳሪዎችም በዚያው አካባቢ አውሮፕላኖቻቸውን አዘጋጅተው ሰማይ ሰማዩን ያዩ ነበር። ግንቦት 19 ማታ ከውቅያኖሱ ላይ አየሩ እየጠራ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ሌሎቹ ማረጋገጫ ሲጠብቁ እርሱ ለመነሣት ወሰነ። ያን ሌሊት አልተኛም።

በማግሥቱ በሩዝቬልት ፊልድ ያለው መንደርደሪያ በዝናብ ርሶ ጭቃ ሆኗል፤ ነፋሱም ተቀይሮ ከኋላ ይነፍስ ጀመር። አውሮፕላኑ ይህን ያህል ነዳጅ ጭኖ ተነሥቶ አያውቅም፤ ተሞክሮ አልነበረም። ከስምንት ወር በፊት የፎንክ አውሮፕላን የተቃጠለው በዚሁ ሜዳ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ሲሆን ሰዎች ክንፉን እየገፉ አንቀሳቀሱት። እየከበደ፣ እየዘለለና እየተመለሰ ሄደ፤ በመንደርደሪያው ጫፍ ከተዘረጋው የስልክ ሽቦ በላይ በስድስት ሜትር ያህል ብቻ አልፎ ተነሣ።

የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ሰዓታት ከየብስ ብዙ ያልራቁ ነበሩ። በኒውፋውንድላንድ በምትገኘው የሴንት ጆንስ ከተማ ላይ ዝቅ ብሎ ያለፈው አየርላንድ እስኪታይ ድረስ ሰው ሳያየው እንዳይጠፋ ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ጨለማና ውቅያኖስ ሆነ። ከፍ ብሎ ደመናውን ሊያልፍ ሲሞክር በክንፉ ላይ በረዶ መጋገር ጀመረ፤ በረዶ የክንፉን ቅርጽ ያበላሻል፤ ክብደትም ይጨምራል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ከዚያ ደመና ወጣ። ቀሪው ጠላት እንቅልፍ ነበር። መስኮቶቹን የከፈታቸው ቀዝቃዛው አየር ፊቱን እንዲመታው ነው። ዐይኖቹን በጣቶቹ ይገልጥ ነበር። የአውሮፕላኑ ጅራት ለትልቁ ክንፍ አንሶ ስለተሠራ፣ አብራሪው ለአፍታ እጁን ቢያላላ ወደ ጎን ይዘነብል ነበር። ንድፈኛው ጊዜ አጥሮት የተወው ጉድለት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቅሰው አደረ። በሁለተኛው ቀን ከኋላው በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ጥላ የሚመስሉ ፍጡራን ተሰብስበው ሲያነጋግሩትና ሲመክሩት እንደነበር ጽፏል፤ ይህን ለሕዝብ የገለጠው ግን ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላ ነው።

በሃያ ሰባተኛው ሰዓት ገደማ ከበታቹ ትናንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች አየ። ዝቅ ብሎ እየዞረ፣ የሞተሩን ድምፅ ቀንሶ፣ አየርላንድ በየት በኩል እንደሆነች ጮኾ ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን ተራሮች ብቅ አሉ። ካርታውን ቢያስተያይ በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ የዲንግል ባሕረ ሰላጤ ነው። ያለ ራዲዮ፣ በኮምፓስና በሰዓት ብቻ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጉም ውስጥ ሲዞር አድሮ፣ ካሰበው መስመር የሳተው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ጊዜውም ካሰላው በሁለት ሰዓት ቀደመ። ከኋላ የገፋው ነፋስ ረድቶታል። ከዚያ እንግሊዝን በፕሊመዝ በኩል አቋረጠ፤ በሸርቡር አጠገብ ወደ ፈረንሳይ ገባ፤ መሸበት።

ፓሪስን በመብራቷ ለየ። የለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ግን በካርታው ላይ አልነበረም። ከከተማው ሰሜን ምሥራቅ ያለውን ጨለማ ቦታ ሲያይ በአንድ ጎኑ የመብራት ሰልፍ ነበረና ፋብሪካ መሰለው፤ አልፎት ሄዶ ተመለሰ። መብራቶቹ እርሱን ለመቀበል ከፓሪስ የወጡና መንገድ ላይ የተጨናነቁ መኪናዎች ነበሩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ሲሆን መሬት ነካ። ከ100,000 በላይ የሚገመት ሕዝብ አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ከአውሮፕላኑ ላይ ጨርቁን እየቀደደ ለመታሰቢያ ወሰደ። ሊንድበርግ ከሃምሳ ሰዓት በላይ አልተኛም ነበር።

ሰዓቱን በልቡ የቀነሰ አንባቢ እዚህ ጋ ግራ ሊጋባ ይችላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ52 እስከ ማግሥቱ ምሽት 4 ሰዓት ከ22 ሲቆጠር 38 ሰዓት ተኩል ነው የሚመጣው። ነገር ግን መነሻው በኒው ዮርክ፣ መድረሻው በፓሪስ ሰዓት ነው፤ በዚያ ወቅት ፓሪስ በ5 ሰዓት ትቀድም ነበር። ያ ሲቀነስ 33 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ዛሬም በአውሮፕላን ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነውና ወደ ውጭ የሚሄድ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ቅናሽ ካልሠራ የመንገዱን ርዝመት ይስታል። በመቶ ኪሎ ሜትሮች ከፋፍለን ስንመለከተው አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 173 ኪሎ ሜትር ነበር። ታንኮቹ ሲለኩ 320 ሊትር ያህል ነዳጅ ተርፏል፤ በሰዓት 41 ሊትር ገደማ ይፈጅ ነበርና ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ሊያስኬደው ይችል ነበር ማለት ነው። ሲመለስ አውሮፕላኑ ተፈታትቶ በሣጥን ተጭኖ በጦር መርከብ ነው የመጣው፤ መርከቡ ከፈረንሳይ ዋሽንግተን ለመድረስ አንድ ሳምንት ፈጀ።

ዛሬ በዚሁ መስመር የሚበሩ ጄቶች ወደ ፓሪስ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል፤ ሲመለሱ ከስምንት ሰዓት ይበልጣል። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ነው። ልዩነቱ በአሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ነው፤ የሚሄደውን ይገፋል፣ የሚመለሰውን ይገታል። ሩዝቬልት ፊልድ ዛሬ የገበያ ማዕከል ሆኗል። ለ ቡርዤ ግን አሁንም አውሮፕላን ያርፍበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሊንድበርግ ሕይወት ከበረራው ይልቅ ረዥምና አስቸጋሪ ነው። በአንድ ሌሊት በዓለም የታወቀ ሰው ሆነ፤ ሽልማቱን ተቀበለ፤ አርባ ስምንቱንም የአሜሪካ ግዛቶች እየበረረ ጎበኘ። በ1929 በሜክሲኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩትን ሰው ልጅ አን ሞሮውን አገባ። እርሷም አብራሪና ደራሲ ሆነች፤ ሁለቱ በአንድነት ለአየር መንገዶች አዳዲስ መስመሮችን ሲያጠኑ ዓመታት አሳለፉ። በ1931 በሰሜን በኩል ጃፓንና ቻይና ደረሱ። በዚያ ጊዜ የያንግሴ ወንዝ ሞልቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ መሬቱን አጥቶ ነበር። ሩቁ የጎርፍ ስፍራ ደርሶ የሚመለስ ሌላ አውሮፕላን ስላልነበረ ባልና ሚስቱ የተጥለቀለቀውን የሩዝ ማሳ ከአየር እያዩ ካርታ አነሡ። አንድ ቀን ሐኪምና መድኃኒት ይዞ በውኃው ላይ ሲያርፍ የተራቡ ሰዎች በጀልባ ከበው እህል የመጣ መስሏቸው ተረባረቡበት። የያዘው እህል አልነበረም። አውሮፕላኑ እንዳይሰምጥ ወደ ሰማይ ተኩሶ ሕዝቡን አርቆ ተነሣ።

በመጋቢት 1932 የመጀመሪያ ልጃቸው፣ የሃያ ወር ሕፃን፣ ሌሊት ከአልጋው ተሰረቀ። ወላጆቹ 50,000 ዶላር ቤዛ ከፈሉ፤ ሕፃኑ ግን በግንቦት ከቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሞቶ ተገኘ። በወንጀሉ የተፈረደበት ብሩኖ ሃውፕትማን በ1936 በሞት ተቀጣ። ጋዜጠኞች በሐዘኑም አልለቀቁትም፤ ቤተሰቡ በ1935 መጨረሻ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። እኔም የዚሁ ሙያ ሰው ነኝና ይህን ክፍል ሳነብ አፍሬያለሁ።

በአውሮፓ ሳለ የናዚ ጀርመንን አየር ኃይል ጎበኘ፤ ባየውም ተደነቀ። በ1938 ከሄርማን ጎሪንግ እጅ ኒሻን ተቀበለ፤ አልመለሰውም። ወደ አገሩ ተመልሶ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ እንዳትገባ ከሚቀሰቅሱት ዋነኛው ሆነ። በመስከረም 1941 በዲ ሞይን ከተማ ባደረገው ንግግር አገሪቱን ወደ ጦርነት የሚገፉት እንግሊዞች፣ አይሁዶችና የሩዝቬልት መንግሥት ናቸው አለ። አይሁዶች በአውሮፓ እየታደኑ በነበረበት ሰዓት የተነገረ ነበርና በብዙ ወገን ተወገዘ፤ መወገዙም ተገቢ ነበር። አባቱ ጦርነትን በመቃወሙ ወዳጅ አጣ፤ ልጁ ግን ያጣው በጥላቻ ቃል ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ጸሐፊ አይጠፋም፤ እኔ አልስማማም።

ጦርነቱ አሜሪካን ሲደርስ ወደ ጦር ሠራዊቱ ልመለስ ብሎ ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም። በ1944 በፋብሪካ አማካሪነት ወደ ፓስፊክ ሄዶ ሲቪል ሆኖ 50 ያህል የውጊያ በረራዎች አደረገ። በዚያ ወጣት አብራሪዎች የሚደነቁበት ነገር ነበረው፤ ከእነርሱ ጋር እኩል በርሮ ሲመለስ ከእነርሱ ይልቅ ብዙ ነዳጅ ይተርፈው ነበር። የሞተሩን ዙር ዝቅ አድርጎ የነዳጁን ቅይጥ ማሳሳት አስተማራቸው። ሞተሩን ያበላሻል ብለው ፈርተው ነበር፤ አላበላሸም፤ አውሮፕላኖቹም ከዚያ በፊት ሊደርሱባቸው ወዳልቻሉ ቦታዎች መድረስ ቻሉ። የሳን ዲዬጎው ስሌት በሃምሳ ሰው እጅ ገባ ማለት ይቻላል።

በረራውን የተረከበት መጽሐፉ በ1954 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። በስተእርጅናው ለዓሣ ነባሪዎችና ለሌሎች የዱር እንስሳት ጥበቃ ተሟገተ፤ አውሮፕላን ያቀረበው ዓለም የዱሩን ሕይወት እያጠፋ መሆኑ ያስጨንቀው ነበር። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2003፣ ሌላ ነገር ተገለጠ። በአውሮፓ ከሦስት ሴቶች ሰባት ልጆች ወልዶ በስውር ሲያኖር ነበር። ልጆቹ አባታቸውን በሌላ ስም ነበር የሚያውቁት። ለዚያ ሁሉ ዘመን ውቅያኖሱን እየተመላለሰ ያቋርጥ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ።

በ1974 ክረምት በካንሰር ታሞ በኒው ዮርክ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሞቹ ሊያድኑት እንደማይችሉ ሲነግሩት፣ በሃዋይ ማዊ ደሴት ላይ ወዳለው ቤቱ እንዲወስዱት ጠየቀ፤ እነርሱ አይሆንም ቢሉም አልሰማቸውም። ነሐሴ 18 ቀን በቃሬዛ ተጭኖ ከኒው ዮርክ ወደ ሆኖሉሉ በሚሄድ የመንገደኞች አውሮፕላን ተሳፈረ። ይህ መንገድ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፓሪሱ ይረዝማል። ማዊ ደርሶ ስምንት ቀን ኖረ። በእነዚያ ቀናት መቃብሩ እንዴት እንደሚቆፈር፣ ቀብሩ እንዴት እንደሚፈጸም እየተነጋገረ አዘጋጀ። ነሐሴ 26 ቀን ጠዋት ሞተ፤ የአካባቢው ከብት ጠባቂዎች ከባሕር ዛፍ በሠሩት የሬሳ ሣጥን በዚያው ቀን ከቤቱ አቅራቢያ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ።